በወ/ሮ ሙሪየል ሆልክሮፍት ዕረፍት ከአልደርክሎው የዓመት ዑደት ማኅበር የተሰጠ የሀዘን መግለጫ

የማኅበራችን መሥራችና ለአርባ ስምንት ዓመታት የበዓላቱ መሪ የነበሩት ወ/ሮ ሙሪየል ሆልክሮፍት፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2019 በተወለዱ በ86 ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው ዐርፈዋል። ማኅበሩ ይህን ለአባላቱ፣ ለአልደርክሎው ነዋሪዎችና በደርቢሸር የተፈጥሮን ዑደት ለሚያከብሩ የዊካ እምነት ተከታዮች ሁሉ የሚያስታውቀው ልቡ በሐዘን ተሰብሮ ነው።

ወ/ሮ ሙሪየል እዚሁ መንደር ተወልደው ያደጉ ሲሆን፣ ከ1958 እስከ 1989 ድረስ ከቤት ቤት እየዞሩ በነርስነትና በአዋላጅነት አገልግለዋል። ዛሬ ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው ብዙ የመንደሩ ልጆች ወደዚህ ዓለም ሲመጡ መጀመሪያ የተቀበሏቸው የእሳቸው እጆች ናቸው።

በፌብሩዋሪ 1971፣ የበጎች ወተት መውረድ በሚጀምርበት በኢምቦልክ በዓል፣ ከሦስት ጓደኞቻቸው ጋር በማዕድ ቤታቸው ማኅበሩን መሠረቱ። አንድ ጎረቤት በየመስኮቱ የበራውን ሻማ አይተው ቤቱ የተቃጠለ ስለመሰላቸው የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ጠሩ። የመጀመሪያው በዓላችን የተጠናቀቀው ለስድስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሻይ በማፍላት ነበር። በዓመቱ አባላቱ ስለበዙ በዓላቱ ከመንደሩ በላይ ወዳለው ኮረብታ ተዛወሩ።

በ1978፣ የቤልቴን እሳት በሚለኮስበት በሜይ መባቻ፣ ወደ ኮረብታው የሚያስወጣው መሬት ባለቤት አቶ ክሊፎርድ ዳክሪ የአጥራቸውን በር በሰንሰለት ቆለፉ። በመንደሩ ስብሰባም ላይ ተነሥተው፣ «እነዚህ ጠንቋዮች እሳት እየዘለሉ በጎቼን አስጨነገፉብኝ» ሲሉ ከሰሱ። ወ/ሮ ሙሪየል ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ «ክሊፎርድ፣ በጎችህን የሚያስጨነግፈው ያ ቀበጥ ውሻህ ነው። እኛን ተወንና እሱን እሰረው» አሏቸው። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፤ በሩ ግን አልተከፈተም። ማኅበሩ ለስድስት ዓመታት በየዓመቱ የሚውሉትን ስምንቱንም በዓላት በመንገድ ዳር፣ ከአጥሩ ውጭ ለማክበር ተገደደ።

በ1984 የአቶ ክሊፎርድ ባለቤት ወ/ሮ ጆይስ በካንሰር ታመሙ። የመንደሩ ነርስ ወ/ሮ ሙሪየል ነበሩና ከጁን እስከ ኦክቶበር በየቀኑ እየሄዱ አጠቧቸው፣ መርፌያቸውን ወጉ፣ ትራሳቸውን አቃኑ። በእነዚያ ወራት ስለ በሩ አንድም ቃል እንዳልተናገሩ አቶ ክሊፎርድ ራሳቸው መስክረዋል። ወ/ሮ ጆይስ በኦክቶበር 9 ዐረፉ።

ሦስት ሳምንት አልፎ፣ የዓመቱ ሙታን በስም የሚጠሩበት የሳዊን በዓል ደረሰ። አባላቱ አመሻሹ ላይ በመንገድ ዳር ቆመው ስም ሲጠሩ አቶ ክሊፎርድ ቆባቸውን አውልቀው ከአጥሩ ወዲያ መጡ።

«ሙሪየል፣ የጆይስንም ስም ትጠሪልኛለሽ? ቄሱ የሚገባውን ሁሉ አድርገዋል። ግን መጨረሻ ላይ እጇን ይዘሽ የነበርሽው አንቺ ነሽ።»

«ሚስትህ ናት፤ አንተው ጥራት። እኛ እንቀበልሃለን» አሏቸው።

አቶ ክሊፎርድ የባለቤታቸውን ስም ጠሩ። አባላቱም ተቀበሉ። በማግስቱ ሰንሰለቱ ከበሩ ላይ አልነበረም። አቶ ክሊፎርድ የማኅበራችን አባል ሆነው አያውቁም፤ በዚህ ወር 21 በተፈጸመው ቀብር ግን የወ/ሮ ሙሪየልን አስከሬን ከተሸከሙት ስድስት ሰዎች አንዱ ነበሩ።

ባለፈው ኦገስት 1፣ የመጀመሪያው የስንዴ አጨዳ በሚከበርበት በላማስ፣ ወ/ሮ ሙሪየል መራመድ ስላቃታቸው አባላት በወንበር ተሸክመው አወጧቸው። ኅብስቱን ቆርሰው ቀመሱና፣ «ጨው አንሶታል፤ ማነው የጋገረው?» ብለው ጠየቁ። የጋገረው የዚህ መግለጫ ጸሐፊ ነው። ከኮረብታው የወረዱት እየሳቁ ነበር። ከዚያ በኋላ አልወጡም።

ማኅበሩ አንድ ጥፋቱን ሳይሸሽግ ይገልጻል። ወ/ሮ ሙሪየል የየበዓሉን የመክፈቻ ቃል በቃላቸው ይሉት ነበር እንጂ ጽፈውት አያውቁም። እንጻፈው ስንላቸው፣ «ከጻፋችሁት ታነቡታላችሁ፤ ካነበባችሁት ቀና ብላችሁ ሰማዩን አታዩም» እያሉ ይከለክሉን ነበር። ጽሕፈት ቤቱም ነገ እናሳምናቸዋለን እያለ ዓመታቱን አሳለፈ።

ከቀብሩ ማግስት ሃያ ሁለት አባላት ተሰብስበው፣ አንዱ ሲጀምር ሌላው እያቃና፣ ሲያለቅሱም እያረፉ፣ የሰባቱን በዓላት ቃል መልሰው አገኙ። የስምንተኛውን፣ ፀሐይ ዳግም የምትወለድበትን የዩልን ቃል ግን የሚያውቅ አልተገኘም። ወ/ሮ ሙሪየል በዚያ ጧት ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ለፀሐይዋ ብቻ፣ በለሆሳስ ነበር የሚናገሩት።

ልጃቸውን ወ/ሮ ሩትን ጠየቅናቸው። ወ/ሮ ሩት በቤተ ክርስቲያን የሰንበት ትምህርት አስተማሪ ናቸው፤ በበዓሎቻችን ላይ ተገኝተው አያውቁም። ላለፉት ስድስት ዓመታት ግን እናታቸውን እስከ ኮረብታው ግርጌ በመኪና እያደረሱ፣ በዓሉ እስኪያልቅ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ጥያቄያችንን ሰምተው፣ «እኔ'ኮ መኪና ውስጥ ነበርኩ» አሉን።

ማኅበሩ ለወ/ሮ ሩት፣ ለመላው ቤተሰብ፣ ለቀድሞ የሥራ ባልደረቦቻቸውና በእጃቸው ለተወለዱ ሁሉ መጽናናትን ይመኛል።

የበዓላቱ መርሐ ግብር አይቋረጥም። በዲሴምበር 22፣ በዩል ጧት ግን የመክፈቻ ቃል አይኖርም። ፊታችንን ወደ ምሥራቅ አዙረን፣ ፀሐይዋ ሙሉ በሙሉ እስክትወጣ ድረስ ዝም ብለን እንቆማለን። ወ/ሮ ሩት በዚያን ቀን ከመኪናቸው ወርደው አብረውን እንደሚወጡ ገልጸውልናል።

የአልደርክሎው የዓመት ዑደት ማኅበር ጽሕፈት ቤት
ኦገስት 26 ቀን 2019