የደሪሞይል ጣቢያ በየትኛው በኩል ነበር?

ውድ እህቴ እትዬ አትራክታ፣

ትናንት ማክሰኞ የደሪሞይል ጣቢያ ሥራ ቆመ።

ወሬውን ከሰላምታው ማስቀደሜን አትቀየሚኝ፤ ከትናንት ጀምሮ አፌ ላይ ያለው እሱ ብቻ ነው። ለመሆኑ እንደምን አለሽ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ሐኪሙ ያዘዘልሽን ምርኩዝ ትይዣለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ከበር ጀርባ አቁመሽዋል? እዚያ ከምድር ወገብ በታች ባላራት አሁን የብርዱ ወቅት ነውና ምድጃሽ በደንብ ይነድዳል? ጆሮሽስ? እኛ ደህና ነን። የኔዋ ፊዴልማ ሳሏ ለቋታል፣ ድንቹ አብቧል፣ ዝናቡም እንደምታውቂው ነው።

ባለፈው ገና የባቡር ሞዴል ክበባችን የደሪሞይልን ጣቢያ አሳንሶ እየሠራ መሆኑን ብጽፍልሽ፣ «በሰባ ስድስት ዓመትህ አሻንጉሊት ያዝክ?» ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር። ሳቂ፣ ግድ የለም። አሻንጉሊቱ አሁን የሰበካውን አዳራሽ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞልቶታል። የጣቢያው ሹም ቤት፣ ተሳፋሪው የሚሳፈርበት መድረክ፣ የዕቃ መጋዘኑ፣ የውሃ ማማው፣ ለማገዶ ተቆርጦ የተከመረው የረግረጉ አፈር ሳይቀር ሁሉም አለ። የሹሙ ቤት በመዳፌ ላይ ይቀመጣል፤ መስኮቱ ግን መጋረጃ አለው።

ሐዲዱን የዘረጋው ጋሽ ማላኪ ነው፤ የሰዓት ሠሪው የኮንዌይ ትልቁ ልጅ፣ ታስታውሺዋለሽ። ሱቅ የሚሸጠው የሞዴል ሐዲድ ለእንግሊዝ ባቡር የተሠራ ነውና ለኛ ይጠብባል። ብዙ ሰው እሱኑ ገዝቶ፣ የእንግሊዝ ባቡር አረንጓዴ ቀብቶ የአየርላንድ ነው ይላል። ጋሽ ማላኪ ግን «የሰው ጫማ አጥልቆ እያነከሰ የሚሄድ ባቡር አልሠራም» ብሎ፣ ስፋቱን በትክክል አሳንሶ፣ ከሥር የሚጋደሙትን እንጨቶች አንድ በአንድ እየቆረጠ ስድስት ዓመት ለፋበት። አንቺ ይገባሻል፤ እዚያ ባላራት በደጅሽ የሚያልፈው ባቡር እንኳ የሚሄደው የኛው ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ ነው።

የኔ ድርሻ ሎኮሞቲቩ ነበር። ከናስ ቆርቆሮ ቆርጬ በመበየጃ ካውያ በየድኩት፤ ሁለት ጣቴንም አብሬ በየድኩ። ከሦስት ሳምንት በፊት መጀመሪያ የሄደ ዕለት ብታዪን! ከመጋዘኑ ተነሥቶ ቀስ እያለ መድረኩ ጋ ደረሰ፤ ሐዲዱ ለሁለት የሚከፈልበት ማዞሪያ ላይ ሲደርስ ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየነው። ሳይወድቅ አለፈ። የመድኃኒት ቤቱ ፌርጋል፣ የክበባችን ሊቀ መንበር፣ ያ ኮስታራ ሰው፣ ባርኔጣውን ወደ ላይ ወርውሮ አምፖል ሰበረ። በዚያው ሳምንት በኦክቶበር መጨረሻ ደብሊን በሚደረገው ትልቁ ኤግዚቢሽን እንድናሳይ ተጠራን። ከኛ ክበብ እስከ ዛሬ የተጠራ የለም።

እንግዲህ የሥራው መቆም እንዲህ ነው። ጣቢያው ከመንደር የራቀ፣ ረግረግ መሃል ያለ ስለነበር ፎቶ ያነሳው ሰው የለም ማለት ይቻላል። እኛ ያገኘነው አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ቄስ በ1944 ያነሱት፣ ከሞቱ በኋላ ዕቃቸው ሲሸጥ የወጣ። ከኋላው ጭጋግ እንጂ ተራራ አይታይበትም። የጣቢያው ስም የተጻፈበት ሰሌዳም አልገባበትም። ጠቅላላውን ሞዴል የሠራነው ከዚህ ፎቶ ነው። ፎቶው ላይ አንድ ሎኮሞቲቭ ቆሟል፤ ሎኮሞቲቮቹ በዚያ መስመር ጭስ ማውጫ ያለበትን ጫፋቸውን ሁልጊዜ ወደ ባሕሩ ያዞሩ ስለነበር፣ ቄሱ ወደየት ዞረው እንዳነሱ ገብቶናል ብለን ነበር።

ሰዎቹን በቀለም የምትሠራልን ፊዴልማ ናት። ከጥፍር የማይበልጡ ሰዎች ናቸው። ባለፈው እሑድ የጣቢያውን ሹም ልትቀባ ፎቶውን በአጉሊ መነጽር ስታይ ቆየችና «ኮርማክ፣ ይኼ ሰውዬ የሚስቱን ካፖርት ነው እንዴ የለበሰው?» አለችኝ። «ምን ነካሽ፣ ሹሙ እኮ ነው!» አልኳት። «ሹምም ይሁን ጳጳስ አዝራሩ በሴት በኩል፣ በግራ ነው። አርባ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ፤ አንተ ሎኮሞቲቭህን እይ» ብላ መነጽሩን አቀበለችኝ። አየሁ። እውነቷን ነው። የዚያን ጊዜ ፎቶ መስታወት ላይ ተነስቶ ወደ ወረቀት ሲገለበጥ መስታወቱ በጀርባው ከተቀመጠ ግራው ቀኝ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ፣ እትዬ፣ ስድስት ዓመት የሠራነው ደሪሞይልን ሳይሆን ደሪሞይል በመስታወት ሲታይ ነው!

ትናንት በስብሰባው ላይ ይህንን ስንናገር አዳራሹ ተደበላለቀ። አንዱ «ባቡሩን ወደ ኋላ እንንዳውና እንገላገል» ይላል። ፌርጋል «ምነው ፊዴልማ፣ በአንድ ካፖርት ጣቢያ ታፈርሻለሽ?» ካለ በኋላ ጥሩ ነገር አነሳ። ጊዜው የጦርነት ጊዜ ነው፤ ጨርቅ በኩፖን ነበር። «እናቴ የአባቴን ካፖርት ሲያረጅ ውስጡን ወደ ውጭ አስገልብጣ አሰፍታዋለች። ሲገለበጥ አዝራሩ ወደ ማዶ አይሄድም እንዴ?» ብሎ ጠየቃት። ፊዴልማም አልካደችም፤ የተገለበጠ ካፖርት ከሆነ አዝራሩ በሴት በኩል ይሆናል አለች። ስለዚህ የተገለበጠው ፎቶው ይሁን ካፖርቱ የሚያውቅ ጠፋ።

ከስብሰባው በፊት ሌላ ማስረጃ ያልፈለግን እንዳይመስልሽ። ካርታው ጣቢያው በ1920ዎቹ በእርስ በርስ ጦርነቱ ከመቃጠሉ በፊት የተነሣ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከሐዲዱ በየትኛው በኩል እንደሠሩት አያሳይም። ቦታው ላይ አሁን መንገድ አልፎበታል። የማክናልቲ ወንድማማቾች በልጅነታቸው ሁለት ጊዜ ተሳፍረዋል ቢባል ጠየቅናቸው፤ አንደኛው በግራ ነው አለ፣ ሌላው በቀኝ ነው አለ፣ ወደየት ሲሄዱ እንደሆነ ግን ሁለቱም አያስታውሱም። «አንተ እኮ ተኝተህ ነበር!» «አንተስ እያለቀስክ አልነበር?» ሲባባሉ ትተናቸው ወጣን።

ወደ ስብሰባው ልመልስሽ። በመጨረሻ ጋሽ ማላኪ መነጽሩን አወለቀና «ዓይኔ ለዚህ ሥራ ከዚህ በጋ አያልፍም፤ ሐኪሙም ነግሮኛል። ከተሳሳትኩ አሁን ንገሩኝና ነቅዬ ልሥራው። ደብሊን ቢቀር ይቅር» አለ። ፌርጋል «ጋሽ ማላኪ፣ ለመሆኑ ደብሊን ውስጥ ደሪሞይልን ያየ ማን አለ?» ቢለው፣ «ማንም የለም። ሰው የሚያውቀው እኛ ባሳየነው ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው መሳሳት የሌለብን» ብሎ መለሰለት። ይነቀል ወይስ ይቅር በሚለው እጅ ቢወጣ ሦስት ለሦስት ሆነ። ያን ጊዜ ጋሽ ማላኪ ወደ እኔ ዞሮ «ያቺ እህትህ በዚያ መስመር ትምህርት ቤት አልተመላለሰችም?» አለኝ። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

እኔ መስመሩ ሲዘጋ አራት ዓመቴ ነበር። አንቺ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ከደሪሞይል ተሳፍረሽ ባሕሩ ዳር ወዳለው የካሪግሞር መነኮሳት ትምህርት ቤት ሄደሻል። ስለዚህ እለምንሻለሁ፤ አንድ ሰኞ ጠዋት አስቢና መልሺልኝ። ፊትሽን ወደ ባሕሩ፣ ባቡሩ ወደሚሄድበት ስታዞሪ፣ የሹሙ ቤትና መድረኩ በግራሽ ነበር ወይስ በቀኝሽ? ካላስታወስሽ አላስታውስም በይ። እኔን ለማስደሰት ብለሽ አትገምቺ። ፎቶው ላይ በየት በኩል እንደሚታይ ሆን ብዬ አልጻፍኩልሽም። ደብዳቤውን ወደ ልጅሽ ወደ ሺላ ስልክ ያልላክሁትም ለዚህ ነው፤ ፎቶው በክበባችን ድረ ገጽ ላይ ስላለ ፈልጋ እንዳታሳይሽ። መልስሽን ካገኘሽ በኋላ ግን በስልኳ ትላክልኝ፤ ቶሎ ይደርሳል።

እውነቱን ልንገርሽ፣ እንዲህ የተደሰትኩበትን ጊዜ አላስታውስም። ስድስት ሽማግሌ ስለ ደሪሞይል እስኪጣላ ድረስ የሚያስብበት ቀን ይመጣል ብሎ ማን ገመተ? ፊዴልማ ደግሞ አንቺንም ሠርታሻለች፤ ቦርሳሽን ይዘሽ መድረኩ ላይ ቆመሻል። ካፖርትሽ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው ንገሪያትና ትጨርስሽ።

ሺላን ሳሚልኝ። ባሏ ዳረን ወገቡን እንዳያጎብጥ፣ ከባድ ዕቃ እንዳያነሣ ንገሪልኝ። ለልጃቸው ለትንሿ ኪራ የላኩላት የወተት ማመላለሻ ፉርጎ እውነተኛ በር አለው፤ በጥፍሯ ቀስ አድርጋ ትክፈተው። ጎረቤትሽን ወይዘሮ ፓፓስን ሰላም በይልኝ። ፊዴልማን በጣም ናፍቀሻታል። ጋሽ ማላኪም ደብዳቤውን ከማሸጌ በፊት «ካላነበብኩት» ብሎ እዚህ ድረስ አንብቦታል፤ ምንም እንዳልጠቆምኩሽ ካረጋገጠ በኋላ ሰላምታውን አክብሮ ልኮልሻል።

የምንሰበሰበው ማክሰኞ ጁላይ 22 ነው። ከሁለቱ ቃላት፣ ከግራና ከቀኝ፣ በአንደኛው የሞዴሉን ማሸጊያ ሣጥን ሠርተን ወደ ደብሊን ለመሄድ እንዘጋጃለን፤ በሌላው በዚያው ዕለት ነቀላ እንጀምራለን። የትኛው ቃል የትኛውን እንደሚያመጣ ግን አልነግርሽም።

ወንድምሽ ኮርማክ
ባሊና፣ ማዮ አውራጃ፣ አየርላንድ
ረቡዕ ጁን 25 ቀን 2025