እንደ ጭነት ያሰርኩት ሸራ

ለምወድሽ ለወንድሜ ልጅ ለዩምና ዒምራን፣

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ሰነበትሽ? የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ጤናሽስ፣ ሥራሽስ፣ ያ ሁልጊዜ የምታማርሪበት ማራገቢያስ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከሁለት የፊት ጥርሶቼ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ወደ ጥርሶቼ ኋላ እመለሳለሁ።

አባትሽ በስልክ «ዳግመኛ ጀልባ ላይ ብትወጪ ልጄ አይደለሽም» ካለሽ ወዲህ ስልኩን እንደማታነሺለት አውቃለሁ። ግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ በፎቶ አይተሽ ስትጠይቂም «ከደረጃ ወድቆ ነው» ተብለሻል። ዩምናዬ፣ ተወልደሽ ያደግሽበት ቤት ደረጃ እንደሌለው እንዴት ጠፋሽ? እውነቱን እኔ ልንገርሽ። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ፈዬራ፣ ሃያ ዓመት አብሮኝ ከባድ መኪና የነዳው ጓደኛዬ፣ ከቦታው ስለነበረ ከጨመርኩ ያርመኛል።

ነገሩን ያመጣው፣ ከጓደኞችሽ ጋር በባለሸራ ጀልባ ባሕረ ሰላጤው ላይ ስትንሸራሸሪ ተነስተሽ የላክሽው ፎቶ ነው። አባትሽ ለፈረንሳይ ለጋሲዮን ባለሱቅ ሁሉ ሲያሳየው ሰነበተ። «እሷ ከቻለች እኛ ምን ያንሰናል?» ያልኩት ግን እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንት ስልኬ ላይ ተደፍቼ ስለ ሸራ ተማርኩ። ከእንጦጦ ሁለት ረጃጅም ባሕር ዛፍ አወረድን፤ አንዱ ምሰሶ፣ አንዱ አግዳሚ ሊሆን። ሸራው የፈዬራ መኪና የጭነት ሸራ ነው። እንጦጦ አናት ላይ ዘርግተን ብንሞክረው ነፋሱ ፈዬራን አንስቶ እሾህ ውስጥ ጣለው። እኔ በሳቅ ሞትኩ። ያኔ ነበር መተው።

ላንጋኖ ወርደን ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ተከራየን። እንጨቶቹን ተከልን፤ ሦስታችንም የጎማ ከመነዳሪ ነፍተን ብብታችን ሥር አጠለቅን። ጠዋቱ ግሩም ነበር። አባትሽ ከፊት ተቀምጦ «ዩምና ባየችኝ!» እያለ ሐይቁን በጩኸት ሞላው። እኔም የሸራውን ገመድ መያዝ ሲሰለቸኝ ዕድሜ ልኬን ጭነት እንደማስረው አድርጌ ቋጠርኩት። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ድረስ የማይላላውን ቋጠሮ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነፋሱ ከማዶ ተነስቶ መጣብን። ጀልባዋ በጎኗ ተኛች። ፈዬራ «ልቀቀው! ከማል፣ ገመዱን ልቀቀው!» ይለኛል። ገመዱ ቢለቀቅ ሸራው ነፋሱን አሳልፎ ጀልባዋ በተቃናች ነበር፤ ግን ምኑን ልልቀቀው? ቋጠሮው ውሃ ጠጥቶ ድንጋይ ሆኗል። ጥፍሬ ተነቅሎ ገመዱ በደም ተነከረ። አግዳሚው እንደ ጥይት ጮኾ ተሰበረና የአባትሽን ግንባር መታው። ሲመታው የወጣው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ወዲያው ተገለበጥን።

ብቅ ስል አባትሽ የለም። ሸራው ውሃው ላይ ተነጥፏል፤ መሐሉን ከሥር ቡጢ ይመታዋል። ከመነዳሪው ወደ ላይ እየገፋ ከሸራው ጋር አጣብቆታል። ቡጢው መታ፣ መታ፣ ከዚያ እየደከመ ሄደ። ሸራውን በጥርሴ ልቀድደው ታገልኩ፤ ያኔ ጥርስ ነበረኝ። ፈዬራ በቢላ ሰነጠቀው፤ በችኮላ የአባትሽንም ክንድ አብሮ ሰነጠቀ። ፀጉር ስለሌለው በጆሮው ጎትተን አወጣነው።

ዳር እንደደረስን ውሃና ደም አስታወከ። ከዚያ ተነሳና አፌን በቡጢ ብሎ ጣለኝ። ጥርሶቼ አሸዋው ላይ ቀሩ። አልፈረድኩበትም። ግንባሩ ዘጠኝ ቦታ ተሰፋ። ከዚያ ቀን ወዲህ፣ በአንድ ግቢ እየኖርን፣ ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቃል አላናገረኝም።

ልጄ፣ የከለከለሽ ጠልቶሽ አይደለም። ሸራው ሥር ሆኖ ሲታገል የታየችው አንቺ እንደነበርሽ ለእናትሽ ነግሯታል፤ እሱ ሳይሆን አንቺ የምትሰምጪ መስሎት ነበር። ጥፋቱ የኔ ቋጠሮ ነው። በእኔ ተቀየሚ፣ ለእሱ ግን ደውይለት።

እናትሽ መብሩካ ሰላም ትልሻለች፤ በርበሬና በሶ በፈዬራ እጅ ልካልሻለች። ባለቤቴን ኢክራማን ናፍቀሻታል። ሀውላ እኅትሽም ሰላም ብላለች፤ እኔ በሳቅኩ ቁጥር አፌን እያየች ከእኔ ብሳ ትስቃለች።

አባትሽ «ሰላም በልልኝ» አላለኝም። ይህን ስጽፍ ግን በመስኮቱ ሦስት ጊዜ አለፈ። በአራተኛው ቆመ። ለማን እንደምጽፍ አልጠየቀኝም። «ገመዱን በእጇ ትያዝ በላት፤ እንዳትቋጥረው» አለኝና ሄደ።

አጎትሽ ከማለዲን
ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.