የማራኪ ግራ እጅ

ማክሰኞ፣ የካቲት 9/2002፤ ጠዋት 1፡30

ቦቴው ዛሬም ዘገየ። የቀረው ሁለት በርሜል ውሃ ብቻ። ሰሌዳውን ጻፍኩ፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ተጋቢኖ። ጾሙ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው፤ ከዚህ የሚረዝም ዝርዝር የለንም። ትናንት አስተናጋጇ በእኔ ፋንታ ጽፋ መስመሩ ሁሉ ወደ ታች አዘቅዝቆ ዋለ። የተንጋደደ ጽሑፍ ያየ ደንበኛ ወጡንም ይጠረጥራል። ነግሬያታለሁ። ‹እሺ ሙዲራ› አለችኝ። ሙዲራ ማለት እዚህ ጁባ ርእሰ መምህርት ማለት ነው። ስድብ ይሁን ክብር እስካሁን አልለየሁትም።

ወጥ ቤት ስገባ ሮማን ሽንኩርት ትከትፋለች። ቢላዋው በግራ እጇ ነበር። አየችኝና ወደ ቀኟ አዛወረችው። ልጄ 38 ዓመቷ ነው፤ ምግብ ቤቱም የራሷ ነው። መናገር አላስፈለገኝም።

ማራኪ ነቅታለች። ሦስት ዓመት ከአራት ወር። አባቷ ጭነት ይዞ ካምፓላ ነው። እኔ ከአዲስ አበባ የመጣሁት እሷን ልጠብቅ ነው፤ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ‹ሃቦባ› ትለኛለች፤ የሰፈሩ ልጆች አያታቸውን የሚጠሩት እንደዚያ ነው። ‹አያቴ› በይ ብዬ አረምኳት። ‹እሺ ሃቦባ› አለች።

ያው ዕለት፤ ከቀኑ 10 ሰ.

ማራኪ ወደቀች። ከምንተኛበት ኮንቴይነር ደረጃ ላይ። ሮማን ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ነበረች። ግራ እጇ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ አታነሣውም፤ ሲነኩት ትጮኻለች።

ክሊኒክ ወሰድናት። ሐኪሙ ጨዋ ወጣት ነው። እንዴት ሆነ አለ። ወደቀች አልኩ። ከወደቀች አጥንቱ ክርኗ አጠገብ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፤ ራጅ ሳይታይ ማንም እንዳያዞረው አለ። ራጁ ተበላሽቷል፤ ዕቃው ከውጭ ይመጣል፤ መቼ እንደሆነ አይታወቅም። በግማሽ ጀሶ አሰረው፤ በፋሻ ከአንገቷ አንጠለጠለው። አሁን ተኝታለች። ሮማን አጠገቧ ነች። ዛሬ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ረቡዕ፣ የካቲት 10፤ ጠዋት 2 ሰ.

ደብተሬ፣ ትናንት ለአንተም ዋሸሁህ። ከደረጃ የወደቀ የለም።

ምሳ ሰዓት ነበር። ሰው ሞልቷል። ማራኪ ከእኔ ጋር ጥግ ላይ ተቀምጣ ትበላለች። ግራ እጇን ወጡ ላይ ሰደደች። በቀኝሽ አልኳት። እጇን መለሰች። ደግማ በግራዋ። ሦስተኛ ጊዜ በግራዋ ጠቅልላ ለእኔው ልታጎርሰኝ ዘረጋች፤ በዚያ እጅ! ሁለት አገር ቤት የማውቃቸው ሰዎች ከወዲያኛው ጠረጴዛ አዩኝና ፈገግ አሉ። አፈርኩ። አንጓዋን ይዤ ከወንበሯ ብድግ አደረግኋት። በአንድ እጇ። በመዳፌ ውስጥ አንድ ነገር ቅጭ ሲል ተሰማኝ። ጆሮ አይሰማውም፤ የሰማው እጄ ነው።

ጉርሻው መሬት ወደቀ። እስካሁን የሚታየኝ እሱ ነው።

ሮማን ስትገባ አፌ ቀደመኝ። ደረጃው ነው አልኩ። ያን ጊዜ ማረም ይቻል ነበር። ሐኪሙ ፊትም ይቻል ነበር። አንድ ውሸት በሁለት ሰዎች ፊት ከተነገረ በኋላ ግን እንደ ደረቀ ሲሚንቶ ነው።

ያው ዕለት፤ 9 ሰ.

ሙቀቱ አይቻልም። ቆርቆሮው ይንጣጣል። ልጅቷ ጀሶው ውስጥ ያሳክካታል።

እኔም ግራኝ ነበርኩ። ይህን በዚህ ደብተር ጽፌው አላውቅም። አዳሪ ት/ቤት ስገባ ሰባት ዓመቴ ነበር። ግራ እጄን በመቀነት ከወንበሩ ጀርባ ጋር ያስሩት ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ፤ ከምግብ እስከ ጸሎት። በሦስተኛው ዓመት የእጅ ጽሑፍ ሽልማት ወሰድኩ፤ በቀኜ። ዕድሜዬን ሙሉ አመሰገንኳቸው። መ/ርት ሆኜም ሠላሳ ዓመት ያንኑ አደረግኩ። አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፤ በግራዋ ወፍ ስትሥል ወፉ ከወረቀቱ ሊነሣ ይደርሳል። ወደ ቀኟ መለስኳት። ጽሑፏ ተስተካከለ። ወፍ ግን ዳግመኛ አልሣለችም። ስሟን ረስቼዋለሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 11፤ ማታ 12 ሰ.

ማራኪ ዛሬ በቀኟ በላች። ሌላ እጅ የላትማ። ማንኪያውን ወደ አፏ ስታደርስ ደስ አለኝ። ለአንድ ቅጽበት፤ ግን በእውነት ደስ አለኝ። እዚህ ላይ የምጽፈው ራሴን ለመቅጣት ነው።

ሮማን ወሰነች፤ እሑድ ማራኪን ይዛ ወደ አዲስ አበባ ትበርራለች፤ ራጁን እዚያ ታስነሣለች። ወጥ ቤቱ ይዘጋል። ሁለት ዓመት ያለማቋረጥ የነደደ ምድጃ ነው። አስተናጋጆቹ አንዱ ሌላውን ያያል።

አንድ ደንበኛ ጀበል አካባቢ ያገራችን ወጌሻ አለ አለ፤ እጁ የተባረከ ነው፣ ስንቱን አቃንቷል። ሮማን ልትስማማ ስትል ገሠጽኳት። እኛ የተማርን ሰዎች ነን አልኳት። ሐኪሙ አታዙሩት ብሏል አልኳት። ልክ ነበርኩ። ግን ወጌሻውን የጠላሁት ለዚያ አልነበረም። ወጌሻ መጀመሪያ የሚጠይቀው ‹ምን ስትሆን?› ብሎ ነው።

ዓርብ፣ የካቲት 12፤ ከቀኑ 9 ሰ.

ዛሬ ኛቻን መጣች። ጉምቦ፣ ከድልድዩ ማዶ ባለ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ጤና መኮንን ናት። የዚህ አገር ልጅ ናት፤ ያደገችው ግን ጋምቤላ፣ ስደተኞች መጠለያ ነው። አማርኛዋ ከአስተናጋጆቻችን ይሻላል። ኦርቶዶክስ አይደለችም፤ የጾም ወጥ ግን ከእሷ በላይ የሚወድ የለም። ዓርብ ዓርብ አትቀርም።

ማራኪን አየቻት። ተንበርክካ ጣቶቿን ቆጠረች፤ አንቀሳቀሰቻቸው፤ በጀሶው ጠርዝ በኩል ክርኗን ዳሰሰች። እብጠት የለም አለች። ምን እንደ ሆነች ጠየቀች፤ ሮማንን ሳይሆን እኔን። ደረጃው አልኩ። ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

‹እማማ፣ እኔ አማርኛ የተማርኩት እኮ የጋምቤላ አያቶች ሲዋሹ እየሰማሁ ነው› አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ጥርሴ ደረቀ።

ከዚያ ሳቋን ትታ ለሮማን አስረዳቻት። ትንሽ ልጅ በእጁ ከተጎተተ ክርኑ ላይ ያለው ትንሹ አጥንት ከማሰሪያው ሾልኮ ይወጣል፤ መመለሱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ራጅም አያስፈልገውም። ከወደቀች ግን ስብራት ይኖር ይሆናል፤ ስብራትን ማዞር ኃጢአት ነው። ‹ስለዚህ አልነካውም› አለች። ‹ጎትተናት ነው የሚል ካለ ግን፣ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ላይ ነኝ።›

ሒሳቧን ከፍላ ወጣች። በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ሦስት ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ነኝ የጎተትኳት። ኛቻን ቦዳቦዳ፣ የኪራይ ሞተር፣ ላይ ወጣች፤ አቧራው ዋጣት።

በጾም ሥጋና ወተት ከአፌ አይገባም። ከአፌ የሚወጣውን ግን ማን ይጾመው?

ቅዳሜ፣ የካቲት 13፤ ጠዋት 1 ሰ.

ሰሌዳውን አልጻፍኩም። ሮማን ሻንጣ እያሰናዳች ነው። የማራኪን ትንንሽ ልብሶች አንድ በአንድ ታጥፋለች፤ ግራ እጅጌዎቹን በመቀስ ቀድዳቸዋለች፣ ጀሶው እንዲያልፍ። አራት ቀሚስ። አራት የተቀደደ እጅጌ። አየሁና አልቻልኩም። ልሄድና ልነግራት ነው። ተነሣሁ።

ያው ዕለት፤ ከቀኑ 8 ሰ.

ነገርኳት። ቆሜ፣ እንደ ተማሪ። ጉርሻውን፣ ሰዎቹን፣ አንጓዋን፣ ቅጭ ያለውን። እንደማትጮኽ አውቅ ነበር፤ ሮማን ጮኻ አታውቅም፤ ያንንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። መቀሱን አስቀመጠች። ማራኪን ታቀፈች። ‹ነጠላሽን ያዢ› አለችኝ።

ሚኒባስ ተሳፈርን። ድልድዩ ላይ መኪና ተጨናንቆ ቆምን። ወንዙ ታች ዝቅ ብሎ፣ ጸጥ ብሎ ይሄዳል። ሮማን ወደ ውጭ እያየች ተናገረች፤ ‹እኔንም እንዲያ ነበር የምታነሺኝ፣ እማዬ።› ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት እመልስ ነበር።

ጉምቦ ስንደርስ ኛቻን አልተገረመችም። ዘለፋ ጠብቄ ነበር፤ አልመጣም። ከየት ይዤ፣ ወዴት፣ እንዴት እንደ ጎተትኩ በእሷው እጅ ላይ አሳዩኝ አለችኝ። አሳየኋት። በሽምግልናዬ እጄ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። ፋሻውን ፈታች፤ ጀሶውን አወጣች፤ አጥንቱን ከላይ እስከ ታች ቀስ ብላ ዳሰሰች። ስብራት የሚመስል የለም አለች። ከዚያ ክርኗን በአንድ መዳፏ ደገፈች፤ በሌላው የልጅቷን መዳፍ ወደ ላይ አዙራ ክንዷን አጠፈችው። ማራኪ አንዴ ጮኸች። ኛቻን አንገቷን ነቀነቀች። ተሰምቷታል። ከእኔ መዳፍ የወጣው በእሷ መዳፍ ገባ።

ብስኩት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ጠብቁ አለችን። ጠበቅን። ልጅቷ ብስኩቱን ታያለች፤ እጇን ታያለች። በቀኟ ልትወስድ ብድግ አለችና ተወችው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ግራ እጇ ከጭኗ ላይ ተነሣ፤ ቀስ ብሎ፣ የራሱ እንዳልሆነ። ወሰደችው። ሮማን ያን ጊዜ አለቀሰች። ስታለቅስ ያየኋት ከስንት ዓመት በኋላ ነው?

አራት ቀን። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበረ።

ኛቻን ስትሸኘን ለእኔ ብቻ ተናገረች፤ አምስት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ዳግመኛ ሊወጣ ይችላል። ‹ብብቷ ሥር ይዘው ያንሷት እማማ። ልጅ ናት፤ ጀሪካን አይደለችም።› ‹ማለሽ› አልኳት። ይቅርታ ማለት ነው በዚህ አገር ቋንቋ፤ ያለኝ ቃል ያ ብቻ ነበር። ማለሽ የሚባለው ለእኔ አይደለም፣ አለችና ወደ ልጅቷ ጠቆመች።

እሑድ፣ የካቲት 14፤ ከቅዳሴ መልስ

ጉዞው ቀረ። ምድጃው እንደገና ነደደ። ሮማን ታናግረኛለች፤ ስለ ጨው፣ ስለ ውሃ። ልጅቷን ግን ወጥ ቤት ይዛት ትውላለች፤ ጭሱ ዓይኗን እያቃጠለው። ከእኔ ጋር ተያት አላልኩም። የማለት መብት የለኝም።

ግቢውን ልናቋርጥ ስንል እጄን ዘረጋሁላት። ‹አና ማ ዴሩ› አለች፤ አልፈልግም። ሁለቱንም እጆቿን ከኋላዋ ደበቀች። ሁለቱንም።

ማለሽ አልኳት። ገብቷት ይሁን አይሁን አላውቅም። ዓይኗ ሰሌዳው ላይ ነበር።

ረቡዕ፣ የካቲት 17፤ ጠዋት 1፡30

ቦቴው በሰዓቱ መጣ። ዓለም ሊገለበጥ ነው።

ወጥ ቤት ገባሁ። ሮማን ትከትፋለች፤ ቢላዋው በግራ እጇ። ቀና አለች። ቢላዋው ሊሻገር ብድግ አለ። አታዛውሪው አልኳት። ድምፄ እንደ ትእዛዝ ወጣ፤ ሌላ ድምፅ የለኝም። ደገምኩት፤ ሮሚዬ፣ አታዛውሪው። ቆመች። ከዚያ ጎንበስ ብላ በግራዋ ከተፈች፤ ፍጥነቷ! ሽንኩርቱ እንደ ጸጉር ቀጠነ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ይህን ሳላይ ኖርኩ። ስትከትፍ የሁለታችንም ዓይን አነባ፤ ሽንኩርቱ ነው አልን።

ጠመኔውን ይዤ ወደ ሰሌዳው ስወጣ ማራኪ ተከተለችኝ፤ ሁለት እርምጃ ርቃ። ሃቦባ ስጪኝ አለች። እጇን ዘረጋች። ግራዋን። አሁን ‹በቀኝሽ› የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር፤ ስድሳ አራት ዓመት ሙሉ እዚያው ተቀምጦ። ዋጥኩት። ጠመኔውን ሰበርኩና ግማሹን ሰጠኋት፤ እኔም ግማሹን በግራ እጄ ያዝኩ። ‹ሽሮ› ለመጻፍ ስንት ደቂቃ እንደ ፈጀብኝ አልነግርህም። እሷ ከሥሩ ክብ ነገር ሣለች። ምንድን ነው አልኳት። ጉርሻ ነው አለች።

አስተናጋጇ አይታ ሙዲራ፣ መስመሩ እኮ አዘቅዝቋል አለች፤ ክፉ ናት፤ ተራዋ ነው። ያዘቅዝቅ አልኳት። ነገም እንዲሁ ይጻፋል።

አሁን ብዕሩን አዛውሬያለሁ፤ ይህን የምጽፈው በግራዬ ነው ደብተሬ፣ ታገሠኝ። ፊደሎቹ እንደ ሕፃን ይንገዳገዳሉ። እጄ ደከመ። ማራኪ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች፤ እጇን ከኋላዋ አልደበቀችም፤ ወደዚህ እየመጣች ነው፤ ብዕሩን ላስቀምጥ።