መርዝ በሃይላንድ

ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፩

ዛሬ ላቦራቶሪያችንን ከሰበታ ወደ ሱሉልታ አዛወርን፤ ማዛወር ከተባለ። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ማስረሻ ውጭ አገር ድረስ ሄዶ የኬሚካል ደህንነት ሥልጠና ወስዷል። ግድግዳው ላይ የነበሩትን ሰርተፍኬቶቹን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አስጫነ። ሜርኩሪ ያለበትን ፈሳሽ ግን "ጠርሙስ መንገድ ላይ ይሰበራል" ብሎ በባዶ ሃይላንዶች አስገለበጠው። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ ከገፈርሳ የተቀዳ ውሃ ነው የሚመስለው።

"ቢያንስ መርዝ መሆኑን እንጻፍበት" ስለው፣ "አንተ ደግሞ ታካብዳለህ!" አለኝ፣ ተሸካሚዎቹ ፊት።

ቡራዩ ላይ አንዱ ተሸካሚ ጠምቶት አንዱን ሃይላንድ ሊከፍት ሲል ከእጁ ነጠቅኩት። አቶ ማስረሻ ጋቢና ውስጥ ሆኖ ሳቀ። አለቃዬ እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ሱሉልታ ደርሰን ፈሳሹን ወደ ጠርሙሶቹ መለስኩ። ባዶዎቹን ሃይላንዶች ለብቻ አስወግዳቸዋለሁ ብዬ ጥግ ላይ አስቀመጥኳቸው። እጄን ታጥቤ ስመለስ የሉም።

"ለዘበኛው ለኦቦ ፈይሳ ሰጠኋቸው" አለኝ አቶ ማስረሻ፣ ጽድቅ እንደሠራ ሰው ደረቱን ነፍቶ። "ላሞች አሏቸው፤ ወተት የሚሸጡት በሃይላንድ ነው። ለቅለቅ አድርገው ይጠቀሙበታል።"

ኦቦ ፈይሳ ተራቸውን ጨርሰው ሄደዋል። ስልካቸው ዝግ ነው። ቤታቸው ወደ ጫንጮ መሆኑን እንጂ የቱ ጋ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

"ነገ ይመጡ የለ? ምን ያስቸኩልሃል?" ብሎኝ መኪናው ውስጥ ገባ።

ይመጣሉማ። ወተታቸውን ሸጠው ሲጨርሱ።