ስለጠፋው ነዳጅ፣ ስለ ፈንታሁን እግርና ስለ እርስዎ አንደበት

ይድረስ ለክቡር አቶ ዓብዲዋሀብ፣ የትራንስፖርት ማኔጀር
ሐርጌሳ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤንነት፣ የባለቤትዎን የወይዘሮ ሻምሶን፣ የልጆችዎንና ከሱቄ ፊት ለፊት የምትቆመውን የነጭዋን መኪናዎን ደኅንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ «የነዳጅ ሌባ» የሚል ስም ከተጨመረልን በቀር ደህና ነን፤ ፈጣሪ ይመስገን።

ሸዋርካብሽ እባላለሁ፤ በጋአን ሊባህ ሰፈር ከቤትዎ በር ትይዩ የሙሽራ ልብስ የምሰፋ፣ የሾፌርዎ የፈንታሁን ባለቤት ነኝ። በአማርኛ መጻፌ ድሬዳዋ ያደጉና ቋንቋውን ከእኔ አሳምረው የሚናገሩ መሆንዎን ስለማውቅ ነው። እዚህ ያለነው ሐበሾች ሁሉ በምናነበው የቴሌግራም ገጽ ላይ መለጠፌ ደግሞ፣ ባለቤቴን ሌባ ያሉት ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ግቢ ስለሆነ፣ እኔም በስውር ባመሰግንዎ ነውር መስሎ ስለታየኝ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ፈንታሁን እርስዎን የሚያመላልስባት ይህች የድርጅቱ መኪና ከሌሎቹ መኪናዎች ይልቅ ነዳጅ እየጠጣች አስቸገረች። ክቡርነትዎ መረመሩ፤ ከኋላ ኮፈኗ ውስጥ ቤንዚን ቤንዚን የምትሸት ባዶ ጀሪካን አገኙ፤ ስለዚህም ፈንታሁን እየቀዳ ይሸጣል ብለው ቁልፉን ተቀበሉት። ጀሪካኗም ማስረጃ ተብላ በቢሮዎ ጥግ በክብር ተቀመጠች። ቅዳሜ ኮሚቴ ይቀመጣል። ኮሚቴው «ሰርቋል» ካለ ባሌ ከሥራው ይባረራል፤ ከዚያ በኋላ ሌባ ለተባለ ሐበሻ ሾፌር በዚህ ከተማ ማን ቁልፍ ይሰጠዋል? ጭንቀቴ ይኸው ነው። ስለዚህ ኮሚቴው ቢያውቃቸው የማይከፋ ጥቂት ነገሮችን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ እንደሚታወቀው የዚህ አገር መኪና አብዛኛው መሪው በቀኝ ነው፤ የምንሄደውም በመንገዱ ቀኝ ነው። የጭነት መኪና ከፊቱ የተደቀነበት ሾፌር ከወዲያ የሚመጣውን ስለማያይ፣ በግራ የተቀመጠው ሰው አንገቱን አስግጎ «ሂድ» ወይም «ቆይ» ይለዋል፤ ያገሩ ወግ ነው። የፈንታሁን ዓይን እንግዲህ እርስዎ ነዎት። ብቻ «ቆይ» የምትለዋን ቃል ከድሬዳዋ ሲመጡ ረስተዋት የመጡ ይመስለኛል።

በወሬ አይደለም የምናገረው። ወይዘሮ ሻምሶ የእህታቸውን ልጅ የኢልሃንን የሙሽራ ቀሚስ እንድለካ ይዘውኝ ሲሄዱ ከኋላ ተቀምጬ በዓይኔ አይቻለሁ። እርስዎ በግራ ተቀምጠው የጫቱ መኪና ሊገባ ነው ብለው ቸኩለዋል። ገና ከጭነት መኪናው ኋላ ሳንደርስ «ሂድ!» ይላሉ፤ ፈንታሁን ነዳጅ ይረግጣል፤ ሞተሩ ይጮኻል። አውቶቡስ ብቅ ሲል «ያዝ! ያዝ!» ይላሉ፤ ፍሬን ይረግጣል፤ እኛም ከነቀሚሱ ወደፊት እንወረወራለን። ደግሞ «ሂድ!»፤ ደግሞ ፍየል። ወይዘሮ ሻምሶ «ያ ረቢ» እያሉ እጄን ጨብጠው ነበር፤ እኔም የማውቀውን ታቦት ሁሉ ጠርቼ ጨረስኩ። ባዶ መንገድ ሲገኝ ፈንታሁን እግሩን አስቀድሞ ከነዳጁ አንስቶ መኪናዋ በራሷ እንድትንሸራተት ሲተዋት «ሬሳ ነው እንዴ የጫንከው?» ብለው አሳቁን። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እንዲያ ሲረገጥ የተቃጠለው ነዳጅ በባሌ ስም ይጻፋል ብዬ መች ጠረጠርኩ!

ሁለተኛ፦ ሾፌሮች ነዳጅ እንዲቆጥቡ ኤሲ እንዳያበሩ ማስታወቂያ ስለለጠፉ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ፈንታሁንም በዚያ ቀትር መስኮቱን ከፍቶ ላቡን እየጠረገ ሲጠብቅዎት ማስታወቂያዎን ሲያከብር ኖሯል። ጫቱ ከገባ በኋላ ግን እርስዎና ወዳጅዎ አቶ ዓብዲረዛቅ እዚያው በሱቄ በር፣ ሞተሯ ሳይጠፋ፣ ኤሲዋ እየነፈሰ በቆመችው መኪና ውስጥ በርጫ ትቀመጣላችሁ፤ ምርቃናው ሳያልቅ የመግሪብ አዛን ይደርሳል። ማስታወቂያው ለቆመ መኪና አይሠራ ይሆናል፤ እኔ የቢሮ ሕግ አላውቅም። የማውቀው ጭሱ ወደ ሱቄ እንደሚገባና ነጫጭ ቀሚሶቼ ሁሉ ጋራዥ ጋራዥ እንደሚሸቱ ነው። የጫቱን ገራባም ጠርጌ የምጥለው እኔ ነኝ፤ ግድ የለም፤ ጎረቤት ነን።

ሦስተኛው የጀሪካኗ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ቀልድ አይመጣልኝም። በበርበራ መንገድ ራስዎ እንደዚያ እያስጋለቡ ነድተው፣ ነዳጅ ጨርሰው ከነቤተሰብዎ ፀሐይ ላይ ከቆሙ ወዲህ «ጀሪካን ከመኪናዋ እንዳይለይ» ብለው ያዘዙት እርስዎ ነዎት። ባዶ የሆነችውም ቤንዚኗ በዚህችው በእርስዎ መኪና ላይ ተገልብጦ ነው። ፈንታሁን ይህን በግቢው ስብሰባ ላይ ባለመናገሩ ቤት ገብቼ ጮኽኩበት፤ «አለቃዬን በሰው ፊት ውሸታም አልለውም» አለኝ። አይ ወንድ! አለቃው በሰው ፊት ሌባ ሲለው ለእሱ ማን ይሉኝታ ያዘለት? ከዚያን ቀን ወዲህ እህል በቅጡ አይቀምስም፤ በምንኖርበት በዳሚ ሰፈር ጎረቤት ሰላም ሲለው እንኳ አንገቱን ይደፋል። ክቡርነትዎ፣ በዚህ ከተማ ይህን ያህል ያከበረዎትን ሰው ነው ያዋረዱት፤ እጅግ አዝኛለሁ፤ ተናድጃለሁም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላል ያገሬ ሰው፤ በእኛ ቤት ግን ቸኳዩ ሌላ፣ ለቃሚው ሌላ ሆነ። እግሩ የፈንታሁን ነው፣ አልክድም፤ ትእዛዙ ግን የእርስዎ ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዳይሆን፣ ኮሚቴው በግራ ወንበር ተቀምጦ «ሂድ» ሲል የነበረውንም ሰው ይጠይቅልኝ። ይህ ከከበደ ደግሞ ለጥቂት ቀን እርስዎ ከኋላ ዝም ብለው ይቀመጡና ወይዘሮ ሻምሶ በግራ ይቀመጡ፤ እሳቸው «ቆይ» ማለት ይችሉበታል። ያኔ ነዳጁን ማን ሲጠጣው እንደነበር መኪናዋ ራሷ ትናገራለች።

ፈጣሪ ጤናዎን ይጠብቅልኝ፣ ፍሬንዎንም ያጽናልኝ እያልኩ፣ ጭስዎ በማይለየው ሱቄ ሆኜ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

አክባሪ ጎረቤትዎ
ሸዋርካብሽ፣ የፈንታሁን ሚስት
ጋአን ሊባህ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልለጥፈው፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ መኪናዋን ራስዎ እየነዱ በአየር ማረፊያው መንገድ ነዳጅ ጨርሰው መቆምዎን ሰማሁ፤ ለክፉ አይስጥዎ። የደወሉት ለሌባው ነበር። ሄደ። ዘበኛው መውሊድም በእርስዎ ትእዛዝ ከቢሮዎ ጥግ ጀሪካኗን አውጥቶ ሰጠው፤ ሞልቶ አመጣልዎ፤ ቀድቶም ሲጨርስ «ከኋላ አስቀምጣት፣ ትጠቅመናለች» አሉት። ስለዚህ ቅዳሜ ኮሚቴው ማስረጃው ይምጣ ሲል ቢሮ ውስጥ በመፈለግ እንዳይደክሙ፤ ያለችው እርስዎ በሚነዱት መኪና የኋላ ኮፈን ውስጥ ነው፤ ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች።