በድብቅ የሰጠኸው ጉርሻ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን

ከጠዋት እስከ ቀትር የወጣ፦ መጥረጊያ አሥራ አንድ፣ የወለል መወልወያ ስድስት፣ በረኪና ሁለት ካርቶን፣ ባልዲ አራት። አንዱ ባልዲ ስንጥቅ ነው ተብሎ ተመለሰ። እውነትም ስንጥቅ ነበር፤ ቀየርኩላቸው።

ውድ ወንድሜ፣

ከላይ ያለው አንተን አይመለከትህም። የዕለት ማስታወሻዬን እየጻፍኩ ሳለ ነው ነገሩ የደረሰው። ገጹን እንዳለ ቀድጄ ወደምትሠራበት ከተማ በሚመጣው የአውቶቡስ ሾፌር እልክልሃለሁ። ብደውልልህ «እትዬ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ፣ መልሼ እደውላለሁ» ትለኝና ታመልጣለህ። ወረቀት ግን ጆሮ ላይ አይዘጋም።

ለምሳ ሱቁን ልዘጋ ስል የሕንፃችሁ ዘበኛ መጥረጊያ ሊገዛ መጣ። አንዱን አንስቶ አገላበጠና የዚህ ጸጉር ከእኔ ፂም ይሳሳል፣ በዚህ ዋጋማ ፂሜን ልሽጥልሽ አለኝ። ስቄ ትንሽ ቀነስኩለት። ደረጃውን አሁን ማን እንደሚጠርገው ስጠይቀው እሱ ራሱ እንደሆነ ነገረኝ፤ ንቢት ከለቀቀች ወዲህ ሰው አልተገኘም አለ። እኔም በዚህ አፌ፣ ሌባ ሆና ተባረረች እንጂ መች ለቀቀች አልኩት።

መጥረጊያውን መልሶ አስቀመጠ። «ሌባ? ንቢት? ጋሼ ሲሰጧት እኮ ደረጃው ላይ ነበርኩ፣ እትዬ።»

አስደገምኩት። ደገመልኝ። ያን ቅዳሜ ጠዋት አንተ ደረጃው ላይ አስቁመሃታል። «ወጥ ቤት፣ ከትልቁ ሰሃን ሥር ያስቀመጥኩት ያንቺ ነው። ለባለቤቴ ግን እንዳትነግሪያት» ብለሃታል። እሷም አንገቷን ሰብራ አመስግናሃለች። እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልክ ስለው፣ እሱ ያን ቀን ከቀትር በፊት ተረኝነቱን ጨርሶ ወጥቷል፤ ሰኞ ሲመለስ ሥራ ለቀቀች አሉት እንጂ ሌባ ተባለች ያለው ሰው የለም። ሰውየው መጥረጊያውን ሳይገዛ ሄደ።

ሱቁን ዘግቼ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ምሳ አልበላሁም።

ያን ቅዳሜ፣ ከዛሬ ሦስት ሳምንት በፊት የሆነውን አንተ ሙሉውን ታውቀዋለህ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ግማሹን ብቻ ነበር የማውቀው። ፈሳሽ ሳሙና ይዤላችሁ መጣሁ። ንቢት ሥራዋን ጨርሳ ሻሿን እያሰረች ነበር። ንቢት ያልናት እኔና አንተ ነን፤ ከክፍል ክፍል ስትበር አንድ ቦታ አታርፍም ብለን። ሰባት ዓመት ቤትህን አጽድታለች፤ ያመጣኋትም እኔ ነኝ። ሚስትህ ከመኝታ ቤት ወጥታ ከመሳቢያው የአስቤዛ ገንዘብ ጎድሏል አለች። አልጮኸችም፤ የተረፈውን ብር እፊቴ ሁለት ጊዜ ቆጠረችው። እኔ ሃያ ዓመት ሰው ስመዝን የኖርኩ ነጋዴ ነኝ፤ እንዳልዋሸች አውቄያለሁ። ገንዘቡ በእርግጥ ጎድሎ ነበር። ኪስህ ባዶ ስለነበር ከሚስትህ መሳቢያ ወስደህ መስጠትህን፣ ምናልባትም ሰኞ እመልሰዋለሁ ብለህ ማሰብህን ዛሬ ነው የገመትኩት፤ ያኔ በምን ልወቅ?

«እትዬ፣ አንቺ ፈትሺያት፤ እኔ ከነካኋት መጥፎ ሰው እሆናለሁ» አለችኝ ሚስትህ።

ቦርሳዋን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ማበጠሪያ፣ የልጇ የራስ ምታት ኪኒን፣ በፌስታል የተጠቀለለ የሥራ ጫማ፣ ከሥሩ አራት ቦታ የታጠፈ ብር። ብሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። አንተ በሩ ላይ ቆመህ ውሃ ትጠጣ ነበር። እሷ ወደኔም ወደ ሚስትህም አላየችም፤ አንተን አየችህ። ረጅም ጊዜ አየችህ። እኔ ደግሞ ይቅርታ የምትለምንህ መሰለኝ። አንተ ብርጭቆውን ግጥም አድርገህ ጨረስክና ብርጭቆውን ልታጥብ ገባህ። በሕይወትህ ብርጭቆ ያጠብከው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሚስትህ ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትሠራን ኖራ ነው ወይ አለች። ንቢት ግን ቦርሳዋን ሰብስባ ወጣች። ያለችው ነገር ቢኖር «ቁልፉን ምስማሩ ላይ ሰቅየዋለሁ» ብቻ ነው።

ይሄ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። እኔ ግን የሸጥኩት ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት ደንበኛዬ ጋ ራሴ ሄጄ የምናገር ሰው ነኝ። ሰውም እንደ ዕቃ መሰለኝ። በዚያው ሕንፃ የምታጸዳላቸውን አራት ቤቶች አንድ በአንድ አንኳኩቼ «ያስገባኋት እኔ ነኝ፣ እጇ ላይ ነገር ስለተገኘ ተጠንቀቁ» አልኳቸው። አራቱም አመሰገኑኝ። አራቱም በዚያው ሳምንት አሰናበቷት። ቀጥተኛ ሰው ነሽ ብለውኝ ነበር።

ዛሬ ቤቷ ሄድኩ። ከልብስ ሰፊው ጀርባ ካለችው ክፍል። የሰው ልብስ በቁጥር እየተኮሰች ነው የምትኖረው አሁን። ስታየኝ ካውያውን ነቀለችና ያለችውን አንድ ወንበር ጠርጋ ሰጠችኝ። የጠረገችው ወንበር አቧራ አልነበረበትም። ዘበኛው የነገረኝን ነገርኳት። አልተገረመችም። ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገርሽም፣ ሰጥተውኝ ነው ማለት እኮ ሁለት ቃል ነው አልኳት።

«እትዬ፣ ለሚስታቸው ‹ባልሽ ከአንቺ ደብቆ ብር ሰጠኝ› ብዬ ልናገር?» አለችኝ። «በምን ምክንያት ሰጠሽ ብትለኝስ? ሌባ መባልን አንድ ቀን ያጥበዋል። ያኛውን ስም ግን በምን በረኪና አጥበዋለሁ? እኔም ልጅ አለኝ።»

እኔው ሄጄ ለሚስትህ ልንገራት ብላት አይሆንም አለችኝ። «ከእርስዎ አፍ ከወጣ ወሬ ነው። ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ነው እውነት የሚሆነው።» ከዚያ ካውያውን መልሳ ሰካች፤ ልብስ የሚወስዱ ሰዎች አሥር ሰዓት ይመጣሉ።

አሁን ስማኝ። የሰጠሃት ይገባታል፣ እንዲያውም ያንሳታል። ሚስትህ ሥራ ላይ እያለች ሦስት ቀን ታመህ ወለሉ ላይ ስታስመልስ ያጸዳችው እሷ ናት። ያ ከሥራዋ ውስጥ አልነበረም። የተናደድኩት በመስጠትህ አይደለም፤ ጥሩ ነገር ስታደርግ እንደ ሌባ ማድረግህ ነው ያቃጠለኝ። ቤት ለምታጸዳልህ ሴት ጉርሻ የሚሰጠው ዐይኗን እያዩ፣ የቤቱ ሰው እየሰማ፣ ለምን እንደሆነ ስሙ ተጠርቶ ነው። ይህን እኔ የተማርኩት ተከፍሎበት ነው። ሱቁን በከፈትኩ ዓመት ለአንድ ተሸካሚ ሁለት ሳሙና በጓሮ በር ሰጠሁት፤ ሸሪኬ በር ላይ ይዞ በጥፊ አጮለው። ከዚያ ወዲህ ለማንም ምንም በጓሮ ሰጥቼ አላውቅም። ይህን ለአንተ ስንት ጊዜ አውርቼልሃለሁ? እየሳቅክ ነበር የምትሰማኝ።

ሚስትህ ጉርሻ አትወድም፣ አንዴ ካስለመድናት በየወሩ ትጠብቃለች ትላለች፤ አውቃለሁ። ብትነግራት ሁለት ቀን ታኮርፍህ ነበር። ሁለት ቀን! የሁለት ቀን ኩርፊያ ፈርተህ የሰው የሰባት ዓመት ስም ሸጥክ። ከስሬ የሸጥኩበት ቀን አለኝ፤ እንዲህ አድርጎ የሸጠ ግን በገበያ አላየሁም።

ልጅ ሳለህም የአባባን የእጅ ሰዓት ሰብረህ እኔ ስገረፍ መጋረጃ ጀርባ ቆመህ ታይ ነበር። አንድም ቀን አላነሳሁብህም። እህት ናትና ትችላለች አልኩ። ምናልባት ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሌላ ሰው ሲገረፍልህ ዝም ማለትን ያስለመድኩህ እኔ እሆናለሁ። ንቢት ግን እህትህ አይደለችም። ልትችልልህ ዕዳ የለባትም።

ስለዚህ ይህ ወረቀት በደረሰህ ዕለት ለሚስትህ ደውል። ከየት እንደወሰድክ፣ ለማን እንደሰጠህ፣ ለምን እንደሰጠህ ተናገር፤ የታመምክበትን ሦስት ቀንም አትዝለል፤ የንቢትን ስም የሚጠብቀው እሱ ነው። ሚስትህን አትፍራት፤ ሰው ከመወንጀሏ በፊት ብሩን ሁለት ጊዜ ስትቆጥር ያየሁት እኔ ነኝ፣ ክፉ ሰው አይደለችም። ከዚያ እረፍት ስትወጣ መጥተህ ንቢትን በሚስትህ ፊት ይቅርታ ትላታለህ። ወደ ቤታችሁ መመለስ አለመመለሱ የእሷ ፈንታ ነው። እስከ ዓርብ ሳትደውል ከቀረህ ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ፤ አለቃህ ፊት አላዋርድህም፣ ግን ሳልይዝህ አልመለስም።

የአንተን ድርሻ አልነካም። የኔ ድርሻ ግን አንተን አይጠብቅም። ቦርሳ የከፈተው እጅና በር ያንኳኳው እጅ የኔ ናቸው። ለአራቱም ቤቶች የነገርኳችሁ ስህተት ነበር፣ ሴትዮዋ ንጹሕ ናት፣ ዝርዝሩን አትጠይቁኝ እላቸዋለሁ። ከዚህ በኋላ ቀጥተኛ ሰው ነሽ የሚለኝ አይኖርም፤ ይሁን።

የምወድህና ዛሬ ፊትህን ማየት የማልፈልገው፣
እህትህ

ነገ፦ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት፣ ከአራቱ ቤቶች የመጀመሪያው፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የጥርስ ሐኪሟ በር፤ ሁለት ሰዓት ላይ ለሥራ ትወጣለች።