ከንቲባው ሦስት ጊዜ የመቱት መድረክ

ለተከበሩ የቫልሞርን ከተማ ከንቲባ፣ ለሙሴ ኤቫሪስት ፕሪዮል፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የእኔ ጉልበት ደረጃ መውጣት ከሰለቸው ቆይቷል፤ የእርስዎ ግን ለንግግርም ለምርቃትም እንደ በረታ አይቻለሁና ፈጣሪ ያቆይልዎ።

በሟቹ ጸሐፌ ተውኔት በአንሰልም ቮትሬ ምድር ቤት ቴአትር ዕድሜዬን የጨረስኩ ተዋናይት ነኝ። ቴአትራችንን ዘግተው የእርሱ ሙዚየም ሊያደርጉት መወሰንዎን ስለ ሰማሁ ምስጋናዬን በየተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ካፖርቱ። አንሰልም በሕይወት ሳለ ማዘጋጃ ቤትዎ ከሰል ስለ ነፈገው በካፖርት ተጠቅልሎ ይጽፍ ነበር። አሁን ካፖርቱ ለሚያርፍበት የመስታወት ሣጥን ማሞቂያ እንደሚገባለት ሰምቻለሁ። የሞተ ልጅ አንገቱ ረዥም ነው፤ ካፖርቱም ደልቶታል።

ሁለተኛ፣ ስለ ዱላው። እንደሚያውቁት ተውኔት ሊጀመር ሲል መድረኩ በዱላ ሦስት ጊዜ ይመታል። አንሰልም ግን ተመልካቹ መቼ እንደ ተጀመረ ሳያውቅ እንዲቀመጥ ፈልጎ ይህን አስቀረ። በመጀመሪያው ትርኢት ሥጋ ሻጩ ባርናቤ ትዕግሥቱ አልቆ፣ «ኧረ ጀምሩ! ልታሳድሩን ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸ። አንሰልምም ከጥግ ሆኖ፣ «አንተ ጀመርክልን እኮ፣ ጌታዬ!» አለው። ባርናቤ እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ እየመጣ ያንኑ ይጮህልን ነበር። ዛሬ ከሊል እስከ ማርሴይ ያሉ ወጣት ተዋንያን ዱላ ሳይመቱ ይጀምራሉ።

እርስዎ ግን በመቶኛ ዓመት የልደት መታሰቢያው ላይ ወርቅ የተቀባ ዱላ አንስተው መድረካችንን ሦስት ጊዜ መቱት። የአንሰልም ትእዛዝ «ዱላ ከተመታ አልቋል፤ ወደ ቤታችሁ ሂዱ» የሚል ነበርና ካባችንን ይዘን ወጣን። ለባዶው መድረክ ከእንግዶችዎ ጋር ቆመው ማጨብጨብዎንና «እንዴት ያለ ጥልቀት ነው!» ማለትዎን በኋላ ሰማሁ። ነገሩን ያስረዳዎ ሰው ግን ደግ አልሠራም፤ በማግስቱ የመዝጊያው ውሳኔ ደረሰን።

ሦስተኛውን ልጽፍ ነበር፤ ደከመኝ። ሙዚየሙን አልጠላሁም። ያ ምድር ቤት ከተዘጋ ግን እኛ ጥቂት ሽማግሌዎች የምንጫወትበት ሌላ ቦታ የለንም፣ ተውኔቱም ከእኛ ጋር ይቀበራል። ይህ ያሳዝነኛል።

ለካፖርቱ ያሳዩት ርኅራኄ ተርፎ ለሰው እስኪደርስ ድረስ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳ፣

ኦዲል ማርሻዱር

የረሳሁት፦ በሩን ሊያሽጉ ሲመጡ መድረኩ ላይ ተቀምጠን ያገኙናል። ዱላውን ቤት ይተዉትና «ውጡ!» ብለው ይጩኹብን። ባርናቤ ካረፈ ወዲህ ጮኾ የሚያስጀምረን ሰው አጥተን ነበር።